ዓሣውና ወፍጮው፦ በፓታኬት ፏፏቴ ላይ ሦስት መቶ ዓመት የቆየው ሙግት

በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ኒው ኢንግላንድ እየተባሉ በሚጠሩት ስድስት ግዛቶች ውስጥ ከ10,000 በላይ ግድቦች አሉ። ብዙዎቹ ትንንሽ የድንጋይና የኮንክሪት አጥሮች ናቸው። መብራት አያመነጩም፣ እርሻ አያጠጡም፣ ለከተማ የሚጠጣ ውኃም አያጠራቅሙም። ድሮ እህል ወፍጮ፣ የእንጨት መሰንጠቂያ፣ የብረት መዶሻ ወይም የፈትል ማሽን ያንቀሳቅሱ ነበር። ሥራው ከቀረ ዘመን ቢያልፈውም ግድቡ ወንዙን እንደዘጋ ቀርቷል።

ካለፉት ሃያ አምስት ዓመታት ወዲህ እነዚህን ግድቦች ማፍረስ የተለመደ ሆኗል። በሜይን ግዛት በኬኔቤክ ወንዝ ላይ ከ1837 ጀምሮ የቆመው የኤድዋርድስ ግድብ በ1999 ፈረሰ፤ ዓሣው በሚሊዮን እየተቆጠረ ተመለሰ። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በዚያው ግዛት በፔኖብስኮት ወንዝ ላይ የነበሩ ሁለት ግድቦች በ2012 እና በ2013 ተነሡ። በምዕራቡ ዳርቻ ደግሞ የክላማዝ ወንዝን የዘጉ አራት ትልልቅ ግድቦች እስከ 2024 ድረስ ተጠራርገው ወጡ።

ጉዳዩ በተነሣበት ከተማ ሁሉ የሚሰማው ክርክር ተቀራራቢ ነው። አንዱ ወገን «ወንዙ ይከፈት፣ ዓሣው ይለፍ» ይላል። ሌላው ደግሞ «ከተማችን የተቆረቆረችው በዚህ ግድብ ነው፤ ግድቡን ማፍረስ ታሪካችንን ማፍረስ ነው» ብሎ ይመልሳል። ጋዜጦችም ነገሩን የታሪክና የተፈጥሮ ጠብ አድርገው ያቀርቡታል። እኔ በዚህ አቀራረብ አልስማማም። ከእነዚህ ከተሞች የአንዷን የመጀመሪያ መቶ ዓመት ቀረብ ብሎ ላየ ሰው፣ የዓሣው ጥያቄ ከወፍጮው እኩል የከተማዋ ታሪክ ነው። ዛሬ በስብሰባ አዳራሽ የሚነሣው ሙግት ግድቦቹ በተሠሩበት ዘመንም ተነሥቶ ነበር፤ ያን ጊዜ ለዓሣው የተከራከሩት ደግሞ ገበሬዎች ነበሩ። ይህን ከየትም በላይ አጥርታ የምታሳየው በሮድ አይላንድ ግዛት የምትገኘው ፓታኬት ናት።

ብላክስቶን ወንዝ ከማሳቹሴትሷ ዉስተር ከተማ ተነሥቶ ወደ ደቡብ 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ይፈስሳል። በዚህች አጭር ርቀት ውስጥ ከ130 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ለወፍጮ ሠሪ ከዚህ የተሻለ ወንዝ ማግኘት ይከብዳል። ጉዞው የሚያበቃው በፓታኬት ፏፏቴ ነው፤ ከፏፏቴው ግርጌ ጀምሮ ስሙ ሲኮንክ ይባላል፣ ውኃውም ከባሕሩ ጋር አብሮ ከፍና ዝቅ ይላል። ከአለቱ በላይ ጨው የሌለበት የወንዝ ውኃ፣ ከአለቱ በታች ወደ ናራጋንሴት ባሕረ ሰላጤ የሚወስድ የጀልባ መንገድ አለ ማለት ነው። ከላይ ጉልበት፣ ከታች ገበያ። ለዚች ቦታ የተደረገው ሽሚያ ሁሉ ከዚህ አቀማመጥ የመጣ ነው።

እንግሊዞች ከመምጣታቸው በፊት ቦታው የዓሣ ቦታ ነበር። ናራጋንሴት፣ ዋምፓኖአግና ኒፕመክ የተባሉት ሕዝቦች ፀደይ ሲገባ በፏፏቴው ግርጌ ዓሣ ያጠምዱ ነበር። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ሳልሞን፣ ሻድና ሄሪንግ የተባሉት ዓሦች ዕድሜያቸውን በባሕር አሳልፈው እንቁላላቸውን ለመጣል ወደ ወንዝ ይወጣሉ። ከፍ ያለ አለት ሲያጋጥማቸው መንጋው ግርጌው ላይ ይከማቻል፤ አጥማጁም እዚያው ይጠብቀዋል። ከእነዚህ መካከል ሳልሞን ዘላይ ነው፤ ውኃው ሲሞላ ኃይለኛ ወራጅ ጥሶ ያልፋል። ሄሪንግ ግን አይዘልም። ስንዝር ከምናምን የሚሆን ርዝመት ያለው ይህ ዓሣ ወራጁን እየቀዘፈ ይወጣል እንጂ በአየር ላይ አይስፈነጠርም። አንድ ሜትር ቁመት ያለው ቀጥ ያለ ግድግዳ ለእሱ የመንገዱ ማብቂያ ነው። አንዲት ሴት ሄሪንግ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር እንቁላል ትይዛለች፤ ከግድግዳው በላይ ወዳለው ረጋ ያለ ውኃ ካልደረሰች ያ ሁሉ ከንቱ ይቀራል። በኋላ በወጡት ሕጎችና በተነሡት ሙግቶች ሁሉ ውስጥ ይህ የዓሣው ጠባይ ስላለበት አንባቢ እንዲያስታውሰው እፈልጋለሁ።

በወንዙ ዳር የሰፈረው የመጀመሪያው አውሮፓዊ ዊልያም ብላክስቶን የተባለ ቄስ ነው። ከ1635 ጀምሮ ከፏፏቴው ሽቅብ በሚገኝ ኮረብታ ላይ ከመጻሕፍቱና ከፖም ዛፎቹ ጋር ለብቻው ኖረ፤ ወንዙም በእሱ ስም ቀረ። ሮጀር ዊልያምስ ፕሮቪደንስን የቆረቆረው ከዓመት በኋላ፣ በ1636 ነው። ፏፏቴው ራሱ ግን ለሌላ ሠላሳ አምስት ዓመት ወፍጮ አልተተከለበትም።

የወፍጮው ሰፈር የተጀመረው በአንድ የብረት ሠሪ ቤተሰብ ነው። በማሳቹሴትስ ቅኝ ግዛት ሶገስ በተባለ ቦታ በ1646 ገደማ ሥራ የጀመረ የብረት ማቅለጫ ነበር። እዚያ ይሠራ ለነበረው አንጥረኛ ለጆሴፍ ጄንክስ ቅኝ ግዛቱ በዚያው ዓመት በውኃ ለሚሠሩ መሣሪያዎቹ ብቸኛ የመሥራት መብት ሰጥቶታል፤ በአሜሪካ ምድር ለማሽን ከተሰጡት መብቶች የመጀመሪያው ተብሎ የሚጠቀሰው ይህ ነው። የሶገሱ ሥራ ግን በዕዳና በክስ ተተብትቦ በ1670 አካባቢ ቆመ። ሙያተኞቹ ወደየአቅጣጫው ተበተኑ፤ የተማሩትን ሙያም ይዘውት ሄዱ። በአባቱ ስም የሚጠራው የጄንክስ ልጅ በ1671 በፓታኬት ፏፏቴ አጠገብ ስድሳ ኤከር፣ ማለትም 24 ሄክታር ያህል መሬት ገዛና የእንጨት መሰንጠቂያና የብረት መቀጥቀጫ አቆመ።

የመረጠውን ቦታ በብረት ሠሪ ዓይን ስናየው የጎደለው ነገር አልነበረም። ጥቅጥቅ ያለው ደን ከሰል ይሆናል። በየረግረጉ ሥር ዝገት የመሰለ የብረት ማዕድን ይገኛል። ውኃው ደግሞ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ወናፉን ይነፋል፣ መዶሻውንም ያነሣል። የአንድ አንጥረኛ ክንድ ከጥቂት ኪሎ በላይ የሚመዝን መዶሻ ቀኑን ሙሉ ሊያወዛውዝ አይችልም። በውኃ የሚዞር ግንድ ላይ የተሰኩ ጥርሶች ግን የከባድ መዶሻ እጀታ እየተጫኑ ያነሡትና ይለቁታል፤ መዶሻው በገዛ ክብደቱ ይወርዳል፣ ወዲያው ቀጣዩ ጥርስ ይደርስበታል። የመርከብ መልህቅን የመሰለ ትልቅ ብረት የሚቀጠቀጠው በዚህ ነው። የፕሮቪደንስና የኒውፖርት ነጋዴዎች መርከብ ባበዙ ቁጥር የፓታኬት ገበያም አብሮ አደገ።

ጅማሬው ሰላማዊ አልነበረም። በ1675 የዋምፓኖአጉ መሪ ሜታኮም፣ እንግሊዞች «ንጉሥ ፊሊፕ» የሚሉት፣ መሬቱን እየበሉ በመጡት ሰፋሪዎች ላይ ተነሣ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ውስጥ የቅኝ ግዛቶቹ ጦር በረግረግ መካከል በተጠለሉ ናራጋንሴቶች ላይ ዘምቶ ሴቶችና ሕፃናት የሚገኙባቸውን በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ፈጀ። በመጋቢት 1676 መጨረሻ ናራጋንሴቶች ከፏፏቴው ትንሽ ሽቅብ በብላክስቶን ዳር የካፒቴን ማይክል ፒርስን ጦር ደመሰሱ፤ በቀናት ውስጥም ፕሮቪደንስ ተቃጠለች። የጄንክስ መቀጥቀጫም በዚያ ጦርነት ጠፋ። ጄንክስ ከጦርነቱ በኋላ ተመልሶ እንደገና ሠራው። ናራጋንሴቶች ግን ወደ ዓሣ ቦታቸው እንደ ቀድሞው ሊመለሱ አልቻሉም፤ የተገደለው ተገድሎ፣ የቀረው ወደ ደቡብ ተገፍቶ ወይም ለባርነት ተሽጦ ነበር። ፓታኬት «የተቆረቆረችበት ዓመት» ሲከበር ይህ ክፍል በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲታለፍ ማየት ያሳዝነኛል። ፏፏቴው ባዶ ሆኖ አልተገኘም፤ ባዶ እንዲሆን ተደረገ።

የጄንክስ ቤት ከዚያ በኋላ አደገ፤ የሰፈሩ መሥራች ልጅ፣ ሦስተኛው ጆሴፍ ጄንክስ፣ ከ1727 እስከ 1732 የሮድ አይላንድ ገዥ ሆነ። ሰፈሩም በወንዙ ግራና ቀኝ ተዘረጋ። የሚገርመው አስተዳደሩ ነው፤ ምዕራቡ ዳር የሮድ አይላንድ፣ ምሥራቁ ዳር የማሳቹሴትስ ነበር። ይህ ድንበር እስከ 1862 ድረስ ስላልተነሣ፣ ፊት ለፊት የሚተያዩ ወፍጮዎች አንድ ግድብ እየተካፈሉ በሁለት መንግሥት ሕግ ይተዳደሩ ነበር።

አሁን ወደ ቦዩ ልምጣ፤ የፓታኬት ነገር ሁሉ ያለው እሱ ውስጥ ነው። በ1714 ገደማ ነዋሪዎች በፏፏቴው ምዕራብ በኩል አለቱን ዞሮ የሚያልፍ ቦይ ቆፈሩ። ስሙ የሳርጀንት ቦይ ይባላል። ዓላማው ወፍጮ አልነበረም፤ አለቱ ያገዳቸው ዓሦች በጎን ዞረው ወደ ላይኛው ወንዝ እንዲወጡ ነው። ከፏፏቴው በላይ በወንዙ ዳር ላዳር የሰፈሩት ገበሬዎች የክረምቱ ስንቅ በተሟጠጠበት፣ አዲሱ እህል ገና ባልደረሰበት ወቅት ከሜዳቸው አጠገብ የሚደርስ ዓሣ ማለት ቀላል ነገር አልነበረም። በጨው ታሽቶ በበርሜል ይቀመጣል፤ የተረፈው ይሸጣል።

ቦዩ ለዓሣ አልሠራም። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1718 ገደማ፣ ዛሬ የታችኛው ግድብ የሚባለው ወንዙን ከዳር እስከ ዳር ዘጋው። በ1730 ገደማ ደግሞ ለዓሣ ተብሎ በተቆፈረው ቦይ ላይ ራሱ ትንሽ ግድብ ተሠርቶ የመልህቅ መሥሪያ ተተከለበት። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ ተከተለ። ለብዙኃኑ ሲባል የተከፈተ የውኃ መንገድ በአሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ የጥቂት ባለሙያዎች የጉልበት ምንጭ ሆነ። ይህን ያዘዘ ባለሥልጣን ወይም የወሰነ ጉባኤ አላየሁም። አንድ ሰው የቆመ ውኃ አየና ተጠቀመበት፤ ጎረቤቱም ተከተለው። የጋራ ነገር የግል የሚሆነው በአብዛኛው እንዲህ፣ ያለ አዋጅ ነው።

በዚያ ዘመን የነበረው ሕግ ለሁለቱም ወገን ያደላ ስለነበር መረዳት ያስፈልጋል። በአንድ በኩል እህል ወፍጮ እንደ ሕዝብ አገልግሎት ይታይ ነበር። ማሳቹሴትስ ገና በ1714 ባወጣችው ሕግ፣ ባለወፍጮ ግድቡ የጎረቤቱን ሜዳ ቢያጥለቀልቅ ካሣ እየከፈለ እንዲቀጥል ፈቅዳለች፤ ጎረቤቱ ግድቡን ማስነሣት አይችልም። በሌላ በኩል ዓሣ የማንም የግል ንብረት አልነበረም፤ ወደ ላይ የመውጣት መንገዱን መዝጋት የሕዝብን መብት መንካት ተደርጎ ይቆጠር ነበር። ሁለቱ መብቶች ለረጅም ጊዜ አብረው የኖሩት ወፍጮው ራሱ የገበሬ ወፍጮ ስለነበር ነው። ትንሹ እህል ወፍጮ ሥራ የሚበዛበት አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ ነው፤ ዓሣው የሚወጣው ደግሞ በፀደይ፣ ጎተራው በተሟጠጠበት ጊዜ። ባለወፍጮው በዓሣው ወራት ግድቡን ቢከፍት ብዙም አይጎዳም፤ ደንበኞቹና ዓሣ የሚጠብቁት ጎረቤቶቹም አንድ ሰዎች ናቸው። ብረት ቀጥቃጭ ግን ደንበኛው የፕሮቪደንስ መርከብ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ውኃ ይፈልጋል። ስምምነቱን ያፈረሰው፣ እንደኔ እምነት፣ ወፍጮ መኖሩ ሳይሆን ወፍጮው የማንን ሥራ እንደሚሠራ መለወጡ ነው።

ገበሬዎቹ ዝም ብለው አልተቀመጡም። በ1761 ለፓታኬት የዓሣ መተላለፊያ ገንዘብ የሚሰበሰብበት ሎተሪ እንዲፈቀድ ለሮድ አይላንድ ምክር ቤት አመለከቱ። ሎተሪ በዚያ ዘመን ድልድይም ቤተ ክርስቲያንም የሚሠራበት የታወቀ ዘዴ ነበር። በ1773 ምክር ቤቱ ከዚያ የጠነከረ እርምጃ ወሰደ፤ ዓሣ እንዲያልፍ በፓታኬት ፏፏቴ ያለውን አለት ሰባብሮና በባሩድ አፍርሶ መክፈት ሕጋዊ እንዲሆን ደነገገ። ይህን ሕግ ዛሬ ግድብ ይፍረስ የሚሉትን «ታሪክ የማያውቁ» ለሚሏቸው ሰዎች ማስነበብ እወዳለሁ። የቅኝ ግዛቱ ሕግ አውጪዎች ለሄሪንግና ለሻድ ሲሉ ግድብ ብቻ አይደለም፣ እግዜር ያስቀመጠውን አለት ለማፈንዳት ፈቅደው ነበር።

እስከ 1780ዎቹ ድረስ በፏፏቴው ዙሪያ የተጠጋጋ የሙያተኛ ሰፈር ተፈጠረ። መልህቅ መሥሪያ፣ የሚስማር ብረት መሰንጠቂያ፣ እህል ወፍጮ፣ የተልባ ዘይት መጭመቂያ፣ የሱረት መፍጫ፣ የሱፍ ጨርቅ እየደበደበ የሚያጠብቅ ማሽን፣ ሁሉም ከአንድ ውኃ ይጠጡ ነበር። በዚያ ሰፈር የነበረው እውቀት የሚናቅ አልነበረም። ኦዚየል ዊልኪንሰን የተባለው ኩዌከር (ኩዌከር የአንድ የክርስትና ወገን ስም ነው) አንጥረኛ ከልጆቹ ጋር መልህቅም ሚስማርም ይሠራ ነበር፤ ከልጆቹ አንዱ ዴቪድ በ1798 ጠመዝማዛ ብረት ለሚቀርጽ ማሽን የፈጠራ መብት አግኝቷል፤ የሀገሪቱ ኮንግረስም ከሃምሳ ዓመት በኋላ 10,000 ዶላር ሸልሞታል። አሜሪካኖች ፓታኬትን «የአሜሪካ የኢንዱስትሪ አብዮት የተወለደባት» የሚሏት ከ1790 ጀምሮ ላለው ታሪክ ነው። ያለ እነዚህ አንጥረኞች ግን ቀጥሎ የመጣው ሰው ምንም ሊሠራ አይችልም ነበር።

የመጣው ሰው ሳሙኤል ስሌተር ነው። በእንግሊዝ ደርቢሻየር የተወለደ፣ በጄድዳያ ስትራት የጥጥ ፋብሪካ ከልጅነቱ የሠለጠነ፣ የማሽን ንድፍ ከሀገር ማውጣት ክልክል በነበረበት ጊዜ እውቀቱን በጭንቅላቱ ይዞ በ1789 የተሻገረ የሃያ አንድ ዓመት ወጣት ነበር። የፕሮቪደንሱ ነጋዴ ሞዝስ ብራውን ቀጠረው። ስሌተር ማሽኑ ምን መምሰል እንዳለበት ያውቅ ነበር፤ ብረቱን ቀጥቅጠውና እንጨቱን ጠርበው የሠሩለት የፓታኬት ሰዎች ናቸው። ታኅሣሥ 20 ቀን 1790 ከአንድ የሱፍ ጨርቅ ቤት በተከራዩት ክፍል ውስጥ ባዘቶው በውኃ ጉልበት እየተነደፈ ይፈተል ጀመር። የመጀመሪያዎቹ ሠራተኞች ከሰባት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት የሆናቸው ዘጠኝ ሕፃናት ነበሩ። በ1791 ስሌተር የዊልኪንሰንን ልጅ ሐናን አገባ፤ በ1793 ዛሬ ሙዚየም የሆነው የእንጨት ፋብሪካ ተሠራ።

የጥጡ ምንጭ መነገር አለበት። ጥጡ የመጣው በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን ከሚያለሙት እርሻ ነው፤ መጀመሪያ ከካሪቢያን ደሴቶችና ከደቡብ አሜሪካ፣ በኋላም ከራሷ ከአሜሪካ ደቡብ። ገንዘቡም ከዚያው ዓለም ነው። የብራውን ወንድማማቾች በ1764 «ሳሊ» የተባለችውን መርከብ ባሪያ ልታመጣ ወደ ምዕራብ አፍሪካ ልከዋል፤ ከተገዙት 196 ሰዎች ቢያንስ 109ኙ አልቀዋል። ሞዝስ በኋላ ኩዌከር ሆነ፣ የያዛቸውን ባሮች በ1773 ነጻ አወጣ፣ ንግዱንም አጥብቆ ታገለ። የልቡን ለውጥ አልጠራጠርም። ሆኖም የመሠረተው ፋብሪካ የሚፈትለው ጥጥ የማን ላብ እንደሆነ ያውቅ ነበር፤ ሥራውንም አላቆመም።

ለአዲሱ ፋብሪካ አዲስ ግድብ አስፈለገ። በ1792 ከሳርጀንት ቦይ አፍ በላይ የላይኛው ግድብ ተሠራ። ይህ ማለት ውኃው ወደ ታችኛው ግድብና ወደ ቦዩ ከመድረሱ በፊት በአዲሶቹ ሰዎች እጅ ያልፋል ማለት ነው። ነባሮቹ ባለወፍጮዎች አጥብቀው ተቃወሙ፤ ግድቡ ግን ቆመ። ጉዳዩ ለዓመታት እየተንከባለለ ሄዶ በ1827 በፌዴራል ፍርድ ቤት ውሳኔ አገኘ። ታይለር በዊልኪንሰን ላይ ያቀረበው ክስ ተብሎ በአሜሪካ የሕግ ትምህርት ቤቶች እስከ ዛሬ ይጠናል። የክርክሩ ጭብጥ በድርቅ ጊዜ ቀድሞ ውኃ የማግኘት መብት የማን ነው የሚል ነበር፤ የታችኛው ግድብ ባለወፍጮዎች ወይስ የቦዩ?

ዳኛው ጆሴፍ ስቶሪ ውኃው ራሱ የማንም ንብረት አይደለም አሉ፤ በወንዙ ዳር ያለ ሁሉ በሚፈስሰው ውኃ የመጠቀም እኩል መብት አለው፣ ሌላውን በማይጎዳ ልክ በምክንያታዊነት መጠቀም ይችላል። የቦዩ ሰዎች ደግሞ ለረጅም ዘመን ሲወስዱት የኖሩትን ያህል ውኃ የማግኘት መብት እንዳላቸው፣ ከዚያ በላይ ግን ቅድሚያ እንደሌላቸው ወሰኑ። ፍርዱ በብዙ መልኩ ሚዛናዊ ነው። እኔን የሚከነክነኝ ከሳሾቹም ተከሳሾቹም ባለወፍጮዎች መሆናቸው ነው። ስቶሪ በፍርዳቸው ቦዩ መጀመሪያ የተቆፈረው ለዓሣ እንደነበርና ለዚያ ሳያገለግል እንደቀረ ይጠቅሳሉ፤ የዓሣው ነገር እዚያው ያበቃል። ላይኛው ወንዝ ዳር ያሉት ገበሬዎች በችሎቱ አልነበሩም። የናራጋንሴት ሰው በችሎቱ መኖር እንዳለበት ያሰበም የነበረ አይመስልም። «የወንዙ ተጠቃሚዎች ሁሉ እኩል ናቸው» ሲባል «ሁሉ» የሚለው ቃል ቀድሞ ጠብቦ ነበር።

በዚያው ዘመን የፓታኬት ሴት ሸማኔዎች ግንቦት 1824 ላይ የሥራ ሰዓት ሲጨመርና ደመወዝ ሲቀነስ መቶ ያህል ሆነው ሥራ አቁመው ወጥተዋል፤ በአሜሪካ ፋብሪካ ሴቶች የመሩት የመጀመሪያው አድማ ይህ ነው። የወንዙን ጉልበት የያዘ የሰፈሩን ሰው ሰዓትና ደመወዝም ለመወሰን ምን ያህል እንደሚቀርብ ያሳያል፤ ዝርዝሩ ግን ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል።

ታዲያ ዛሬስ? በብላክስቶን የታችኛው ክፍል ከፏፏቴው ጀምሮ በተከታታይ አራት ግድቦች አሉ፦ በፓታኬት ፏፏቴ ላይ የሚገኘው የሜይን ስትሪት ግድብ፣ የስሌተር ፋብሪካ ግድብ፣ የኤልዛቤት ዌቢንግ ግድብና የቫሊ ፎልስ ግድብ። በእነዚህ ላይ ለዓሣ መተላለፊያ የመሥራት ዕቅድ ከሃያ ዓመት በላይ ሲወራበት ኖሯል። በ2014 የብላክስቶን ሸለቆ ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ተብሎ ተሰይሟል፤ የስሌተር ፋብሪካም በ2021 ወደ ብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ተላልፏል።

ነገሩ እንዲህ የዘገየው ያለ ምክንያት አይደለም። አንዳንዶቹ ግድቦች ዛሬም ትንሽ መብራት ያመነጫሉ፤ ባለቤቶቻቸውም የተለያዩ ናቸው። ከግድቦቹ ጀርባ የተከማቸው ደለል ሁለት መቶ ዓመት ሙሉ ከብረትና ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የወጣ መርዛማ ብረትና ኬሚካል አዝሎ ተቀምጧል፤ ግድቡ በግዴለሽነት ቢፈርስ ያ ሁሉ ወደ ባሕረ ሰላጤው ይወርዳል። የስሌተር ግድብ ደግሞ ከፋብሪካው ጋር አብሮ የተጠበቀ ቅርስ ነው። ስለዚህ ሁሉም ይፍረስ የሚል መፍትሔ ለዚህ ወንዝ አይሆንም፤ እኔም አልደግፈውም። በአቅራቢያው በፓታክሰት ወንዝ ላይ (ስሙ ይመሳሰላል እንጂ ሌላ ወንዝ ነው) በ2011 የታችኛው ግድብ በከፊል ተነሥቶ መንገዱ ለሄሪንግ ተከፍቷል። እዚያ የተነሣው አንድ ግድብ ነው፤ እዚህ ያሉት አራት ናቸው።

የቀረው መንገድ የዓሣ መሰላል የሚሉት ነው፤ በግድቡ ጎን የሚሠራ፣ ዓሣው ሳይዘል እየቀዘፈ የሚወጣበት፣ በየደረጃው ማረፊያ ያለው ተዳፋት ቦይ። ሐሳቡ የ1714ቱ የሳርጀንት ቦይ ነው፤ ልዩነቱ ዛሬ የውኃው ፍጥነትና የዓሣው አቅም ተለክቶ መሠራቱ ላይ ነው። ሆኖም የትኛውም መሰላል የመጣውን ዓሣ ሁሉ አያሳልፍም። እያንዳንዱ ግድብ ግማሹን ብቻ ያሳልፋል ብለን ብናስብ፣ ከመቶ ዓሣ ከመጀመሪያው በኋላ ሃምሳ፣ ከሁለተኛው በኋላ ሃያ አምስት፣ ከሦስተኛው አሥራ ሁለት ያህል፣ ከአራተኛው ስድስት ይቀራል። ስለዚህ ቅርስ ያልሆነውንና የማያመነጨውን ግድብ ደለሉን አጽድቶ ማንሣት፣ በቀሩት ላይ ብቻ መሰላል መሥራት የተሻለ ስሌት ነው።

ከሁሉም ቀድሞ ግን መሠራት ያለበት በ1718 የታችኛው ግድብ በቆመበት፣ በፏፏቴው ላይ ባለው ነው። ከባሕር የሚመጣ ዓሣ ሁሉ መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው፤ የላይኞቹ ሦስቱ ቢከፈቱ እንኳ ይህ እንደተዘጋ ከቀረ አንድም ሄሪንግ አይደርስባቸውም።